ባሕሩ ሲሞላ እንጂ ሲነጋ አትሂዱ

ወፍ ማየት የሚፈልግ ጎሕ ሲቀድ ይነሳ ሲባል ኖሬያለሁ። ለጫካ ልክ ነው። ለባሕር ዳርቻ ግን ስሕተት ነው፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አንድ ሙሉ ቀን አበላሸሁ፣ ወፎቹንም አንገላታሁ።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር፦ ባይኖኩላር፣ ቴሌስኮፕ፣ ባርኔጣ፣ ብዙ ውሃ። ልቤ ያረፈው ክራብ ፕሎቨር ላይ ነው። ነጭና ጥቁር፣ ባለ ረጅም እግር፣ ወፍራም ምንቃሩ ሸርጣን ለመስበር የተሠራ፣ አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ እንቁላሉን የሚጥል የሕንድ ውቅያኖስ ወፍ።

ወፎቹ ወደሚገኙበት የባሕር ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ስደውል ስልክ ያነሳው ሠራተኛ «ጠዋት 12 ሰዓት ይድረሱ» አለኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያም ያንኑ ይላል። ስለ ባሕሩ መሙላትና መጉደል አንድም ቃል የለም! በየቀኑ እያዩት አለመናገራቸው እስካሁን ያናድደኛል። እኔም ብሆን ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሠንጠረዥ ስልኬ ላይ እያለ አልከፈትኩትም።

ስደርስ ባሕሩ የለም። ከማንግሮቩ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ዛፍ፣ ማዶ ዓይን እስከሚደርስ ጭቃ ብቻ። ወፎቹ ለመብላት ርቀው ተበትነዋል፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ደግሞ ሙቀቱ ምስሉን ያርገበግበው ጀመር። ቴሌስኮፑን ባጎላሁት ቁጥር ይብሱን ይደበዝዛል።

መጠበቅ ነበረብኝ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ስጠጋ መንጋው ይነሳል፣ ራቅ ብሎ ያርፋል፣ እኔም እከተላለሁ። ሦስት ጊዜ አስነሳኋቸው። መሐላቸው ባር-ቴይልድ ጎድዊት የሚባሉ ረጅም ምንቃር ያላቸው ስደተኛ ወፎች ነበሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የዚህ ዝርያ የአምስት ወር ወፍ ከአላስካ እስከ አውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ በርሯል። እንዲህ የሚጓዝ ፍጥረት የሚመገበው ውሃው እስኪመለስ ባለችው ጊዜ ነው። እሷን ነው ፎቶ ፍለጋ የቀማሁት። ያሳፍረኛል።

ዞር ስል ውሃው ከኋላዬ ነበር። ይህን ያዙልኝ፦ ባሕር ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም። መጀመሪያ የሚሞሉት ጭቃውን የሚያቋርጡት ቦዮች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በእናንተና በዳርቻው መካከል ይቀራሉ። በደረቁ ያለፍኩት ቦይ ወገቤ ደረሰ። አንዱን እግሬን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል፤ ቴሌስኮፑን አናቴ ላይ ተሸክሜ እንደምንም ተሻገርኩ። ባይኖኩላሬ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ገባ። ብጮህ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

5 ሰዓት ገደማ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጭቃዬን ስጠርግ፣ ውሃው የገፋቸው ወፎች በራሳቸው ጊዜ መጥተው ጠዋት ከቆምኩበት ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ሰፈሩ። ክራብ ፕሎቨሮቹም ጭምር። የባይኖኩላሬ መስታወት ግን በእንፋሎት ታውሯል።

ስለዚህ የበሩን ማስታወቂያ ተዉት። ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ፈልጋችሁ ከዚያ በሁለት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፣ እኩለ ቀንም ቢሆን። ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ ያለፈው ሳምንት ሰዓት አይሠራም። ሠንጠረዡ የወደቡ ከሆነ ወደ ውስጥ የገባ ሰርጥ ዘግይቶ እንደሚሞላ አስቡ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ወፎቹ መብላት አቁመው አንገታቸውን ካቀኑ ከልክ በላይ ቀርባችኋል።

በሌላ ቀን እንዲሁ አድርጌ ተቀመጥኩ። ክራብ ፕሎቨሮቹ ከውሃው ቀድመው መጡ፤ አንዱ ግራጫማ ጫጩት፣ መብረር ከቻለ ቆይቶም፣ ወላጁን እየተከተለ ሸርጣን ይለምን ነበር።