ከጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ጉልበትን ቀጥ ማድረግ

የጉልበታቸው የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) አዲስ የተተካላቸው ኳስ ተጫዋቾች ለፊዚዮቴራፒ ሲመጡ የሚያሳስባቸው ጉልበታቸው መቼ እንደሚታጠፍ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ቀጥ ማለቱን ነው። መታጠፉ ቢዘገይም ይመጣል። ቀጥ ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተመለሰ ግን መጋጠሚያው ውስጥ ከፊት በኩል ጠባሳ ሊያድግና ሊወትፈው ይችላል። ያኔ ሰውየው ያነክሳል፣ የጭኑ ጡንቻ ይመነምናል፣ የጉልበቱ ሎሚ ያመዋል። የጠነከረ ጠባሳ በእንቅስቃሴ ብቻ ስለማይለቅ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከትራስ ነው። ያበጠ ጉልበት 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ የውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ቀለል ይላል፤ ቤተሰብም አዝኖ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደግፍለታል። ስለዚህ ለአስታማሚው መጀመሪያ የምነግረው ትራሱን ከጉልበት አውጥቶ ከተረከዝ ሥር እንዲያደርገው ነው።

ልምምዱም ይኸው ነው፦ በጀርባ ተኝቶ የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዝ ሥር፣ ቋንጃው አልጋውን ሳይነካ። 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ። በዚያው እያለ የጭኑን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ አጥብቆ ይለቃል። ሎሚው ወደ ጭን ሲሳብ በዓይን ካልታየ ጡንቻው ገና አልነቃም። እግሩን ጉልበቱ ሳይታጠፍበት ቀጥ አድርጎ እስኪያነሳ ድረስ ክራንቹን አላስጥለውም። ሜኒስከሱ (በጉልበቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ አጥንት) አብሮ ከተሰፋ ምን ያህል እንደሚረግጥ የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ባቱ ካበጠና ካመመው ወይም ካተኮሰው ልምምድ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

ጉልበቱ ምን ያህል ቀጥ እንዳለ ስለካ በሆዱ አስተኝቼ ሁለቱን እግሮች ከጉልበት በታች ከአልጋው ጠርዝ አወጣለሁ። በተረከዞቹ መካከል የ1 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ቀጥ ለማለት በግምት 1 ዲግሪ እንደቀረው ያሳያል።

ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ደግሞ አብዝቼ አስጠነቅቃለሁ። ሕመሙ ጠፍቶ ልቡ ሜዳ ላይ ነው፤ ከቋንጃ ተወስዶ የተተከለው ጅማት ግን በጣም የሚደክመው ያኔ ነው። ከ9 ወር በፊት ጨዋታ አልፈቅድም። ከዚያም በኋላ የጭኑ ጥንካሬና በአንድ እግር የሚዘለው ርቀት የጤነኛውን እግር 90 በመቶ መድረስ አለበት። ጤነኛው እግርም በእነዚያ ወራት ስለሚደክም ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። ለዚህ ነው የጤነኛውን እግር ጥንካሬና ዝላይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለክቼ የምመዘግበው።