የቮልስ ጠላት ሙቀት ነው

ቮልስ ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች አንዳንዴ አብሬያቸው ሄጄ እንድመለከትላቸው ይጠይቁኛል። ስንደርስ እነሱ ዙሪያዋን ይዞራሉ። ቀለሟን ይዳብሳሉ፣ ፓራውልቱን ያያሉ፣ ቸርኬዋን ያደንቃሉ። እኔ ቀጥታ ወደ ኋላ ሄጄ የሞተሩን ክዳን እከፍታለሁ። መጀመሪያ የምፈልገው ሞተሩን ዳር ዳሩን የምትዞረውን ጥቁር ጎማ ነው። ካለች ልቤ ይረጋል። ከሌለች ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢያበራ ዋጋ ማስቀነስ እጀምራለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃም የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚነፋው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ሁለቱን የምታዞረው ደግሞ አንዲት ቺንጋ ናት። ከሞተሩ በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ከታች ያለው ሲሊንደሮቹን ነክቶ የወጣ ትኩስ አየር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ላሜራውና ያቺ ጎማ ናቸው። ጎማዋ ከሌለች ትኩሱ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማራገቢያውም ያንኑ መልሶ ይስባል። ሞተሩ በገዛ ትንፋሹ ይቀቀላል ማለት ነው። ሞተር ወርዶ ሲገጠም ላሜራዎቹን ሁሉ መመለስ አድካሚ ነው። ስለዚህ "ይሄ ምንም አይሠራም፣ ጌጥ ነው" ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ጌጥ አይደለም። እባካችሁ አስመልሱ።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል 1300 ናት። 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ከአጎቴ ነው ያገኘኋት። አርባው የፈረስ ጉልበት ግን የባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንጦጦን ስትወጡ በእጃችሁ ያለችው ቢበዛ ሠላሳ ናት።

ስስ አየር ሌላም ጣጣ አለው። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ የተለካ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላ ስታወጡ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው አነስ ያለ ጅግለር ማስገባት ነው፤ ቤንዚኑን የምትመጥነው የነሐስ ቀዳዳ ማለቴ ነው። ግን ያቺን ትንሽ ጅግለር ይዛችሁ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ያነሰው ቤንዚን ደግሞ ሞተሩን ያግለዋል። ለዚህ ነው የምወዳደርበት ራሊ፣ ማለትም የመኪና ውድድር፣ ወደ ቆላ የሚወርድ ሲሆን ጅግለር የምቀይረው። የአንድ ካቻቢቴ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

አሁን ከአራቱ ሲሊንደሮች ወደ ቁጥር 3 ልምጣ። በእኔዋ ዘመን በተሠሩ ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ ከቁጥር 3 ሲሊንደር በላይ ነው። ለቁጥር 3 የሚደርሰው አየር ዘይቱን ሲያቀዘቅዝ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ በ1971 ሞዴል የማቀዝቀዣውን ቦታ ቀይሮታል። በኛዎቹ ግን ቫልቭ የሚቃጠል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የቁጥር 3 የጭስ ቫልቭ ነው፤ ጭሱን ከሲሊንደሩ የሚያስወጣው በር ማለቴ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ የአጎቴ መካኒክ ናቸው። አሁን የእኔም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ሞተሬ በጣም ለስላሳ እንደሆነልኝ በደስታ ስነግራቸው የያዙትን ፒንሳ አስቀመጡና፣

"አንተ ልጅ፣ ቫልቭ ሲጮህ አትፍራ። ዝም ሲል ነው መፍራት" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭስ ቫልቭ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይረዝማል። ሲረዝም በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ትክ ትክ የሚለው ድምፅ ይጠፋል። ባለመኪናው ደስ ይለዋል፤ ቫልቩ ግን እስከ መጨረሻው መዘጋት እያቃተው ነው። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ የሲሊንደሮቹ መክደኛ በሆነው ቴስታታ ላይ በሚቀመጥባት ቅጽበት ነው። ካልተቀመጠ ይቃጠላል። ተበጥሶ ከወደቀ ደግሞ ፒስቶኑንም ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ቫልቭ የማስተካክለው ራሴ ነው፤ ጠዋት፣ መኪናዋ አድራ ሞተሩ ጭራሽ ሲቀዘቅዝ። ከሥር እገባለሁ። የቫልቮቹን ክዳን የያዘውን ወፍራም ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ስገፋው ጠብ ጠብ የሚል ዘይት ይመጣል፣ ጨርቅ አነጥፋለሁ። የቁጥር 1ን ፒስቶን ከላይ አቆመውና 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነችውን ስስ የብረት ቅጠል በክፍተቱ አስገባለሁ። ቅጠሏ ስትሳብ ትንሽ መያዝ አለባት። እንደ ልቧ ከወጣችና ከገባች ሰፊ ነው፣ እምቢ ካለች ጠባብ ነው። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ወደ ኋላ ግማሽ ዙር አዞራለሁ፤ ቁጥር 2። ሌላ ግማሽ ዙር፤ ቁጥር 3። እዚህ ስደርስ ትንፋሼን ነው የምይዘው። ያገኘሁትን ከማስተካከሌ በፊት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዱ ቫልቭ በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ማስተካከሉ መፍትሔ አይደለም፣ ቫልቩ እየተሳበ ነው።

"በዚህ ሁሉ ጣጣ ቮልስ ይዞ ራሊ ምን ይሉታል?" የሚለኝ አይጠፋም። ታሪኩን ስለማያውቀው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ላይ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ ነው። ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን ያቋርጥ ነበር። በ1954 ቪክ ፕሬስተን፣ በ1957 ጉስ ሆፍማን፣ በ1962 ቶሚ ፊያስታድ ያሸነፉት በቮልስ ነው። ከዚያ የፔጆ 404 ዘመን መጣ። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968 ደግሞ ከ93ቱ እንደገና 7። በሁለቱም ዓመት አንደኛ የወጣው ያው ሰው ነው፤ ኒክ ኖዊኪ፣ በፔጆ 404። ጭቃው ሌላውን ሁሉ ሲውጥ አንድ ሰው ሁለቴ በአንድ ዓይነት መኪና ከደረሰ ዕድል ነው ማለት ይከብዳል። መኪናዋን ጠብቆ መንዳት ያውቅበታል።

እኛ አማተሮቹ በብዛት የምንወዳደረው ፍጥነት አይደለም፣ ሰዓት ነው። መንገዱን የሚያሳይ ሮድ ቡክ ይሰጣችኋል። ለየክፍሉ አማካይ ፍጥነት ተቀምጦለታል። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከተባለ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ80 ሰከንድ ማለፍ አለባችሁ። መዘግየት ያስቀጣል፣ መቅደምም ያስቀጣል። መቆጣጠሪያው የት እንደተደበቀ ደግሞ አታውቁም። ናቪጌተሬ፣ መንገዱንና ሰዓቱን የምትከታተልልኝ፣ ታናሽ እህቴ ናት። አካውንታንት ናት፣ ከቁጥር ጋር አትጣላም። "ቀስ በል፣ 6 ሰከንድ ቀድመናል" ስትል እግሬን አነሣለሁ፣ ክርክር የለም።

የቮልስ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚዞረው ከግራ የፊት ጎማ በሚመጣ ገመድ ነው። ያ ጎማ ንፋሱ ከጎደለ ወይም ልኩ ከተቀየረ ቆጣሪው ይዋሻል። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ቆጣሪውን በመንገድ ዳር ካሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ጋር እናመሳክራለን፣ እህቴም ልዩነቱን በሒሳቧ ውስጥ ታስገባለች።

የማልረሳው ከአለም ገና ተነሥተን በቡታጅራ ወደ ዝዋይ የወረድንበትን ራሊ ነው። የአዋሽን ድልድይ አልፈን፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች ወደ ኋላ ትተን፣ እስከ ቡታጅራ ድረስ ከሰከንዶች በላይ አልተሳሳትንም። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ሜዳውን ስንይዝ ግን ቀዩ የዲናሞ መብራት በራ። በሌላ መኪና ይህ መብራት "ባትሪ እየሞላ አይደለም" ማለት ነው፤ ቀጣዩ ከተማ ድረስ መንዳት ይቻላል። በቮልስ ግን ቺንጋ ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል። ወዲያው ሞተር አጠፋሁ። ክዳኑን ስከፍት ቺንጋው የለም።

መለዋወጫ ቺንጋ ሁሌ ከኋላ ወንበር ሥር አለ። ቺንጋው የሚያርፍበትን የዲናሞውን ፑሌጂያ በካቻቢቴ አስደግፌ 21 ቁልፍ አስገባሁ። ፑሌጂያው ሁለት ግማሽ ነው፤ በመሐሉ ስስ ቀለበቶች አሉ። ቀለበት ከመሐል አውጥታችሁ ወደ ውጭ ካደረጋችሁት ቺንጋው ይወጠራል፣ ከጨመራችሁ ይላላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መስጠት አለበት። ሞተሩ ሲነድ ስለነበረ እጄ በላሜራው ተለበለበ። እህቴ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እያቀበለችኝ ሰዓቱን አንዴም አልጠራችም። ጨርሰን ስንገባ ግን የመጀመሪያ ቃሏ፣ "የሄደው ሄደ። የጠፋውን ለመመለስ እንዳትሮጥ፣ ከቀጣዩ መቆጣጠሪያ ጀምረን እንይዛለን" ነበር። ልክ ናት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት፣ ጋዝ ብረግጥ ኖሮ ዝዋይ ቁጥር 3ን ቀብሬ ነበር የምገባው።

ስለ ፍሬንም አንድ ነገር፤ የእኔዋ አራቱም እግር ታምቡር ናቸው። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ እግራችሁን ፍሬን ላይ ካስተኛችሁ ሸራው ይግልና ፔዳሉ እየረገጣችሁት ምንም አይዝም። የድሮ ሹፌሮች ሲወጡ የያዙትን ማርሽ ይዘው ነው የሚወርዱት። እኔም ሁለተኛ አስገብቼ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅሁ ነው የምወርደው። ከኋላ የሚያጮህ ካለ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ።

ሰሞኑን ደብተሬ ላይ ቁጥር 3 በተከታታይ እየጠበበ ነው። ለጋሼ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን አይተው "ይውረድ" አሉ። ሌላ ቃል የለም። በዚህ ክረምት ሞተሩ ይወርዳል። የጭስ ቫልቮቹ አራቱም ይቀየራሉ፣ የቤንዚን ጎማዎቹም አብረው፤ የተሰነጠቀ የቤንዚን ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ስንት ቮልስ አቃጥሏል። ቫልቮቹን ሱማሌ ተራ አስፈልጌ አግኝቻለሁ፣ የቀረኝ እንዳያፈስ በመጋጠሚያዎቹ መሐል የሚገባው የጓርኒሲዮን ስብስብ ነው። ከተገጠመ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ እነዳታለሁ፣ ዘይት እቀይራለሁ፣ ቫልቩን እንደገና እለካለሁ። እህቴ ከአሁኑ አዲስ ስቶፕ ዎች፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ገዝታለች። "ቡታጅራን ዘንድሮ ያለ ቅጣት ነው የምናልፋት" ትላለች። እኔ መጀመሪያ ቴስታታው ሲወርድ ቁጥር 3ን በዓይኔ ልየው።