በዓመት አንዴ ለምንደዋወል ሁሉ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ!

ስልኬ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። አንዱ የመልካም ምኞት መልእክት ሳይነበብ ሌላው ይገባል። ግማሹ ለመቶ ሰው በአንዴ የተላከ ነው፤ እሱም ቢሆን ደስ ይላል፣ ከመረሳት ይሻላል። ስሜን ጠርተው «ያ የጀመርሽው ነገር ከምን ደረሰ?» ብለው የጠየቁኝ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር ይህ ነገር ይገርመኛል፤ ዘንድሮ ተገርሜ ዝም ከምል ልጻፍላችሁ አልኩ።

በዓል ሲደርስ ማን እንደታመመ፣ ማን ሐዘን እንደደረሰበት፣ ማን እንደወለደች፣ እነማን ተኳርፈው በአንድ ቀን ባይጠሩ እንደሚሻል የምታውቀው ማን ናት? መሥሪያ ቤትም ብንሄድ ያው ነው። ለሙሽራው ስጦታ ገንዘብ የምታሰባስበው፣ ጡረታ ለሚወጡት ሰው ካርድ ገዝታ በየጠረጴዛው እየዞረች የምታስፈርመው፣ አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ምሳ ይዛት የምትወጣው አንዲት ሴት ናት። እንግዲህ ኔትወርኪንግ (ለሥራ የሚጠቅም ትውውቅ ማበጀት) ተብሎ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር ይኸው አይደለም? ሰው መያዙን እናውቅበታለን። የያዝነውን ሰው ለራሳችን ጉዳይ ማነጋገር ላይ ነው የምንሰንፈው።

ለሌላ ሰው ሲሆንማ አንደበታችን የተፈታ ነው። የእህታችን ልጅ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የማንደውልለት ሰው የለም። ለራሳችን ሲሆን ይሉኝታ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከተፍ ይላል። መቼም ይህን ታውቁታላችሁ፦ የድሮ የሥራ ባልደረባሽ አንቺ የምትመኚው ዓይነት ቦታ ገብታለች። ስልኩን ታነሺና «ሰላም፣ እንዴት ነሽ? ከተጠፋፋን ቆየን» ብለሽ ትጽፊያለሽ። «ለጉዳይ ስትፈልገኝ ነው የምታስታውሰኝ» ብትልስ? ታጠፊዋለሽ። እንደገና ትጀምሪያለሽ፤ አሁን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይቅርታ ብቻ ሆነ። እሱንም ታጠፊያለሽ። በመጨረሻ አበባ ያለበት የበዓል ምስል ልከሽ ትገላገያለሽ፤ እሷም ሌላ አበባ ትመልስልሻለች። ጉዳዩ እዚያው ቀረ።

እንዲህ በዓመት አንዴ ብቻ የምናገኘው ሰው ግን እንደምናስበው ሩቅ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ቦስተን አጠገብ ባለች ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን «ሥራውን በማን በኩል አገኛችሁት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲታተም ብዙ ሰው ያልጠበቀው ሆነ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር የሚያገኙት። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛዬ የምትሰማውን እኔም እሰማዋለሁ፤ የምንውለው አንድ ላይ ነውና። እኔ ጆሮ ያልደረሰ ወሬ ያለው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የምትውለው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ያቺን መልእክት አትሰርዟት። ረጅም መሆን የለበትም፤ «እንኳን አደረሰሽ። እኔ አሁንም ሒሳብ ክፍል ነኝ፤ ዘንድሮ ግን ወደ ኦዲት መዛወር እፈልጋለሁ። እናንተ ጋ ቦታ ሲከፈት ከሰማሽ ሹክ በይኝ። አንቺስ ምን ላይ ነሽ?» ብትሉ በቂ ነው። የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት፣ ከዚያ ስለ እሷ ጠይቁ። «የሆነ ነገር ካለ አስታውሺኝ» የሚባለው ግን ማንንም አያስታውስም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶቻችን ስለ ሹመት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ግራኖቬተር ያነጋገራቸው ሰዎች ወንዶች ነበሩ። የሴቶቹን ነገር ለማየት እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣውን ጥናት ማንበብ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ታዋቂ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ከተመረቁ ከ700 በላይ ወንዶችና ሴቶች ማን ከማን ጋር ይገናኝ እንደነበር መርምረው፣ ኋላ ከያዙት የሥራ ደረጃ ጋር አስተያዩት። ለሁሉም ብዙ ሰው ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መተዋወቅ ጠቅሟል። ከፍ ያለ ቦታ የያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ግን ከዚያ ሌላ ሁለት ሦስት ሴቶች ያሉበት የቅርብ ክበብ ነበራቸው። ግንኙነታቸው ከወንዶቹ ግንኙነት ጋር የሚመሳሰለው ሴቶች ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የተገኙት።

ለምን? የተመራማሪዎቹ ግምት ለእኔ ከልምድም ያየሁት ነው። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ወሬ አለ። ያ መሥሪያ ቤት ከወሊድ ለተመለሰች ሴት እንዴት ነው? ቃለ መጠይቁ ላይ የትኛውን ነገር ነው የሚፈታተኑት? ደመወዝ ላይ ስንት ብትል አይደነግጡም? ይህን የምትነግርሽ ያለፈችበት ሴት ናት፤ እሷም ብትሆን ካመነችሽ ነው። ጥናቱ የሚጨምረውን ነጥብ በተለይ ልብ በሉት፦ የክበቡ ሴቶች የየራሳቸው ሌላ ሰው ሲኖራቸው ጥቅሙ ይበልጣል። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ አንድ አለቃ እያማን ብንውል ፍቅሩ ደስ ይላል፤ አዲስ ነገር ግን አንሰማም። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት አልጠቅስባችሁም፤ በየስብሰባው ሰልችቷችኋል።)

ምክርና ድጋፍም ይለያያሉ። የአመራር ተመራማሪዋ ሄርሚኒያ ኢባራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 እንደጻፉት፣ ሴቶች መካሪ አያጡም፤ የሚያጡት ስማቸውን አንስቶ የሚሟገትላቸው ባለሥልጣን ነው። መካሪሽ ቡና ጋብዛሽ «በርቺ» ትልሻለች። ደጋፊሽ ግን አንቺ በሌለሽበት፣ ዕድገት በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ «እሷ ትችላለች» ብላ በራሷ ክብር ዋስ ትሆንሻለች። ከመካከላችሁ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ የምትገቡ አላችሁ። የዘንድሮ ስጦታችሁ ይህ ቢሆን ከየትኛውም ካርድ ይበልጣል፦ እዚያ ያልገባችውን የአንዲት ሴት ስም፣ ከሠራችው ሥራ ጋር፣ አንሡ።

አሁን ደግሞ ስብሰባ ካነሣን፣ «ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝልን?» የምትባለዋን ሰዓት እንያት። ዓይን ሁሉ ወደ ጠረጴዛ ይወርዳል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ቦርሳው ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልጋል። ዝምታው ይከብዳል። ከዚያ አንዷ «እሺ፣ እኔ ልያዝ» ትላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ይተነፍሳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሊንዳ ባብኮክ፣ ሊስ ቬስተርሉንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ዝምታ በገንዘብ ፈጥረው አይተውታል። ሦስት ሦስት ሰው በኮምፒውተር አገናኝተው፣ ከሦስቱ አንዱ ቁልፍ ካልነካ ሁሉም እንዲጎዱ፣ የነካው ግን ከሌሎቹ ያነሰ እንዲያገኝ አደረጉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ 48 በመቶ የበለጠ ቁልፉን ነኩ። የወደድኩት ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቡድኑ በሙሉ ወንድ ሲሆን ወንዶቹም ይነካሉ፤ በሙሉ ሴት ሲሆንም ልክ ያን ያህል ነው የሚነካው። ስለዚህ «ተፈጥሯችን ነው» የሚባለው አያስኬድም። ሁሉም ሴቷን ይጠብቃል፤ እሷም እንደምትጠበቅ ታውቃለች። መፍትሔው በተራ ማድረግ ነው፤ ኃላፊ የሆናችሁ ዝርዝር አውጡለት። ኃላፊ ያልሆናችሁ ደግሞ ዝምታው ሲከብድ ለትንሽ ጊዜ ታገሡት። ዝም አይነቅዝም።

ስለ ጤናችሁም አንዲት ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክት አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራን መጥላት ወይም ከሥራ በሐሳብ መራቅ፣ እና «ምንም አልረባም» የሚል ስሜት። በሽታ አላለውም፤ በቅጡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም የደከመችን ሴት «ራስሽን ጠብቂ እንጂ» ብሎ ሻማና ሻይ መስጠት ቀላል ነው፣ ጫናውን መቀነስ ግን የሌሎችንም እጅ ይጠይቃል። በበዓል ቀን ደግሞ ይህ ጫና ቤት ይገባል። ሁሉም «ዕረፍት ነው» ሲል የምትቆመዋን ታውቋታላችሁ። ዛሬ ይህን የምታነቡ ባሎች፣ ወንድሞች፣ ልጆች፦ «ምን ላግዝሽ?» አትበሉ፤ እሱም ለእሷ ሌላ የማዘዝ ሥራ ነው። አንዱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዙት።

ዘንድሮ ሥራ ላጣችሁ፣ ቶሎ የሚጠራ ስልክ ይምጣላችሁ። የተሾማችሁ፣ ሹመቱ የእርጋታ ይሁንላችሁ፤ «በኮታ ነው» የሚለውን ወሬ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ልጅ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ የመመለሻው ቀን ሲደርስ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችሁ። ዕድገት ጠይቃችሁ የተከለከላችሁ፣ ምን ቢጎድል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁና ደግማችሁ ግቡ።

ለእኔ የምትመልሱልኝ ከሆነ አበባውን ተዉት። ዘንድሮ ምን ዓይነት ቦታ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትፈልጉ በአንድ መስመር ጻፉልኝ። በዓሉን ሰው ሳገኝ ነው የምሰነብተው፤ ስማችሁን ይዤ እገባለሁ።

መልካም በዓል!