ለደብረ ብርሃን ወይስ ለሸዋ ሮቢት? ሱፐርቻርጀር ለሚገጠምለት ሞተር የኮምፕሬሽን ምጣኔ ስለ መምረጥ

ለዕለት ተዕለት መንገድ በሚያገለግል መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር (አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስለ መግጠም ሲነሣ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ክርክር «እኛ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሽኑን መቀነስ አያስፈልግም» የሚል ነው፤ ኮምፕሬሽን ሲባል ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን ድብልቅ ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው የሚናገረው ምጣኔ ነው። ክርክሩ መሠረት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 0.72 ባር ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 1.01 ባር ስለሆነ፣ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር እዚህ የሚሠራው ከሩብ በላይ አየሩን አጥቶ ነው። (የኮምፕሬሽን መለኪያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ያነሰ ቁጥር ማሳየቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በዚህ ብቻ ተነሥቶ ጤነኛ ሞተር እንዲፈታ የሚያዝ መካኒክ ደንበኛውን ያለ ጥፋቱ ያስከፍለዋል።)

ይሁን እንጂ መኪና በአንድ ከተማ ተወስኖ አይቀርም። ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚያ የአየሩ ግፊት ወደ 0.87 ባር ከፍ ይላል፣ ቀትር ላይም ሙቀቱ ከባድ ነው። ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ረጅሙን ዳገት መውጣት የሚጀምረው ከዚሁ ከዝቅተኛውና ከሞቃቱ ቦታ ነው። ስለዚህ ምጣኔው መመረጥ ያለበት ለደጋው ሳይሆን ለቆላው ነው የሚል አቋም አለኝ።

ይህን ለመረዳት ሱፐርቻርጀር እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይበቃል። በቺንጋ የሚዞረው የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው አየር ስለሚገፋ፣ የሚሰጠው የተወሰነ ግፊት ሳይሆን በግምት የተወሰነ ብዜት ነው። ፑሊው የውጭውን ግፊት አንድ ተኩል ጊዜ የሚያበዛ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 0.72 የነበረው 1.08 ባር ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን 0.87 የነበረው ወደ 1.30 ይደርሳል። ማንም ምንም ሳይነካው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ጭነት በአምስተኛ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለው የግፊት ሰዓት ደግሞ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 0.36 ባር ያነበበ ባለመኪና ቅር ይለውና፣ ግማሽ ባር ለማግኘት ሲል የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ ፈጥኖ በሚያዞረው በሌላ አነስተኛ ፑሊ ይለውጠዋል። ብዜቱ አሁን 1.7 ገደማ ሆነ። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰዓቱ 0.6 ባር ያነባል፤ ጅቡቲ ቢወርድ 0.7 ባር ያነባል። ኮምፕሬሽኑን «አየሩ ስስ ነው» ብሎ 9.5 ላይ የተወ ሰው ጣጣ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ጣጣው ማንኳኳት ነው። ካንዴላው ያቀጣጠለው ነበልባል የሲሊንደሩን ጥግ ከመድረሱ በፊት፣ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ ከግፊቱና ከሙቀቱ የተነሣ በራሱ ይፈነዳል፤ ይህ ሲደጋገም ፒስተን ይቀልጣል፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይሰበራል፣ ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሮቹና በክዳናቸው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ሱፐርቻርጀሩ ራሱ ሙቀት ጨማሪ ነው፦ ብቃቱ 60 በመቶ የሆነ ሱፐርቻርጀር 35 ዲግሪ የሆነን አየር አንድ ተኩል ጊዜ ሲያምቀው ወደ 98 ዲግሪ ያደርሰዋል። በዚህ ላይ ፒስተኑ የሚያደርገው እመቃ ሲጨመር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ማደያዎቻችን በኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን በሚቋቋምበት ደረጃ) እያማረጡ ስለማይሸጡልን፣ በተሻለ ቤንዚን እወጣዋለሁ ማለትም አያዋጣም።

ታዲያ ለምን በጣም ዝቅ አናደርገውም? በስሌት ብቻ ካየነው የሚታጣው ትንሽ ነው፤ ምጣኔውን ከ9 ወደ 8 ማውረድ የሞተሩን የሙቀት ብቃት በንድፈ ሐሳብ ከ58.5 ወደ 56.5 በመቶ ቢያወርደው ነው፣ ሱፐርቻርጀሩ የሚጨምረው አየር ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን የመንገድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቤንዚን መስጫው በጥቂቱ ተረግጦ ነው፤ ያን ጊዜ ሱፐርቻርጀሩ ብዙም አያግዝም። 7.5 የተደረገ ሞተር በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ሲነሣ ሰነፍ ነው፤ ቤንዚንም ይበላል። ቶዮታ ራሱ የሄደበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል፦ ሱፐርቻርጀር የሌለው 4ኤ-ጂኢ የተባለው ሞተሩ ምጣኔው 9.4 ሲሆን፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ሱፐርቻርጀሩ 4ኤ-ጂዜድኢ፣ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) እያለውም፣ በ8.0 ጀምሮ በኋላ ወደ 8.9 ከፍ ብሏል።

የእኔ ምርጫ ብዜቱ ከ1.5 ሳይበልጥ፣ ኢንተርኩለር ካለው 8.5፣ ከሌለው 8.0 ነው። ከ9 በላይ የምስማማው ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰርና የካንዴላውን እሳት በራሱ የሚያዘገይ ኮምፒውተር ላለው ሞተር ብቻ ነው።

ቁጥሩን ከመረጡ በኋላ አሠራሩ ይቀራል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው። 1,587 ሲሲ በሆነው 4ኤ ሞተር ላይ ከ9.4 ወደ 8.5 መውረድ ማለት በእያንዳንዱ ሲሊንደር የማቃጠያ ቦታውን ከ47 ወደ 53 ሲሲ ገደማ ማስፋት ነው። ቀላሉ ዘዴ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚጨምር ወፍራም ጓርኒሲዮን ማስገባት ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) ጠፍጣፋ ክፍልና በእርሱ መካከል የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ድብልቁን ወደ መሐል እየገፋ ቃጠሎውን ያፋጥናል፤ ያ ክፍተት ሲሰፋ ምጣኔው ቢወርድም ሞተሩ ለማንኳኳት ይበልጥ የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። አናቱ የጎደጎደ ፒስተን ውድ ቢሆንም ትክክለኛው መፍትሔ እርሱ ነው። ሞተሩ ከዚህ በፊት ሞቆበት ቴስታታው ተልጎ (ገጹ ተፍቆ) ከነበረ ደግሞ የመጽሐፉ ቁጥር አይሠራም፤ ምጣኔው ሳይታወቅ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ቴስታታውን ገልብጦ፣ ቫልቮቹንና ካንዴላውን ገጥሞ፣ ቀዳዳ ባለው መስታወት ሸፍኖ፣ በመርፌ ቀጭን ዘይት እየሞሉ ስንት ሲሲ እንደሚይዝ መለካት ነው።

የእሳቱና የቤንዚኑ ማስተካከያም በዚሁ ሒሳብ ይሠራ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ እንዲሠራ ያህል ብቻ ተስተካክሎ፣ የመጨረሻው ልክ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በቀትር፣ ሰውም ዕቃም ተጭኖ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው ዳገት ላይ ይወሰን።