የሳኦል ጥሩር

ሳጅኑ ላሜራዎቹን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጥላቸው ሻዬ ከብርጭቆው ዘልሎ የፈታሁትን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አራሰው። ሁለት ናቸው። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር፣ የብሎን ቀዳዳ ሳይቀር ወጥቶላቸዋል። ከተሽከርካሪዎች ጋራዥ አስቆርጦ ነው ያመጣቸው።

«ከነገ ጀምሮ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሮቦት ሁሉ ይህን ለብሶ ይወጣል» አለ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2007፣ ቦታው ባግዳድ ነው። እኔ ከሜሪላንድ በኮንትራት የሄድኩ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ከሠራዊቱ በጡረታ ወጥቶ በሲቪል ልብስ የተመለሰ የጥገና ክፍላችን ኃላፊ። ማዕረጉ ከኋላው ቢቀርም ሁላችንም ሳጅን ነበር የምንለው። በእንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚባል ልዩነት ስለሌለ፣ ይህን ስጽፍ ሰውየውን በየትኛው እንደምጠራው ትንሽ አሰብኩ። ስለ ዕድሜው «እርስዎ» ይገባው ነበር። ስለ ላሜራው ግን «አንተ» ብዬዋለሁ።

ትእዛዙ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፓክቦቶች፣ ማለትም ከሩቅ እየተነዱ ፈንጂ የሚመረምሩ ትናንሽ ባለ ሰንሰለት ሮቦቶች፣ በጥይት ተበስተው ተመልሰውልናል። ፈንጂ የበላው ሮቦት በካርቶን ተለቃቅሞ ሲመጣ ማንም አያዝንም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። በጥይት የተመታው ግን ሳጅኑን እንቅልፍ ነሣው። ፈንጂው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷላ!

እኔን ያናደደኝ ሒሳቡ ነው። ፓክቦት ክንዱና መለዋወጫው ሲወልቅ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ወታደር በጀርባው አዝሎት ይሮጣል፣ በመስኮት ወደ ቤት ይወረውረዋል፣ ከፊቱ ያሉትን መቅዘፊያዎች እያሽከረከረ ደረጃ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 አፍጋኒስታን ውስጥ ከወታደሮቹ ቀድሞ ዋሻ ሲገባም የተፈለገው ለቅልጥፍናው ነበር። የ6 ሚሊ ሜትር ብረት ደግሞ በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ይደርሳል። ያስቆረጣቸው ሁለት ላሜራዎች ብቻ ከ11 ኪሎ ትንሽ ያልፋሉ። ሮቦቱን ሌላ ሮቦት አሳዝለን ልንልከው ነው ማለት ነው። ለዚያውም የጋራዥ ላሜራ እንጂ የጦር ብረት አይደለም፤ ክላሽ ከቅርብ ይበሳዋል።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስልቼ ማሳየት ስችል፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅነቴ መጣብኝ።

«ሳጅን፣ ሳኦል ለዳዊት ጥሩሩን ሲያለብሰው ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?» አልኩት። «የናስ ቁር ደፋለት፣ ጥሩር አለበሰው። ዳዊት ለመራመድ ሞክሮ አቃተውና ሁሉንም አወለቀ። የሄደው በወንጭፉ ነው።»

ባልደረቦቼ ሥራቸውን አቆሙ። በራሴ እጅግ ተደሰትኩ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ እንደዚያ አፌ የተፈታበት ቀን የለም። ያልቆጠርኩት ነገር ቢኖር ሰውየው የአላባማ የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ መሆኑን ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዳዊት ያሸነፈው ጥሩር ስላወለቀ አይደለም» አለኝ፣ በዚያ በሚጎተት አነጋገሩ። «ጎልያድ አምስት ሺህ ሰቅል ናስ ለብሶ ነበር። እግሩ ላይ ናስ፣ ከፊቱም ጋሻ ጃግሬ አለው። ድንጋዩ የት ነው የገባው?»

«ግንባሩ ላይ።»

«ግንባሩ ላይ። እንግዲህ ጥቅስ ከምታሳየኝ የዚህን ግንባር አሳየኝ» አለና ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ሮቦት በጣቱ መታ መታ አድርጎ ወጣ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ አልጋዬ ላይ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልሶች መጡልኝ፤ ግን ሰውየው ተኝቷል።

በማግስቱ ላሜራዎቹን ገጠምን። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከላይ። ሙከራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ለልምምድ ከእንጨት በሠራነው ደረጃ ላይ ሦስተኛው እርከን ሲደርስ የላይኛው ላሜራ ወደ ኋላ ጎተተውና እንደ ኤሊ በጀርባው ተገለበጠ። መቅዘፊያዎቹ ሲሆን ሲሆን ሊያቃኑት ይገባ ነበር፤ ያን ሁሉ ብረት ይዘው ግን አየሩን ብቻ ቀዘፉ። ጠዋት የሞላናቸው ባትሪዎች ከተለመደው ሰዓት ቀድመው አለቁ። ሞተሮቹ እጅ አያስነኩም። ሳጅኑ ክንዱን አጣምሮ ያያል፣ እኔ ደግሞ ፊቴ ላይ ምንም እንዳይታይ እታገላለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ግን እኔም አልጠበቅሁትም። ሜዳ ላይ ስንነዳው ምስሉ ከወትሮው ቀደም ብሎ መቆራረጥ ጀመረ። የላይኛው ላሜራ ከአንቴናው ሥር ቆሞ ሞገዱን ይጋርዳል። ጥይት እንዳያገኘው ያለበስነው ብረት የእኛንም ድምፅ ከለከለው።

«አገኘሁት» አልኩ። «ግንባሩ ይኸውና።»

እውነትም የሮቦቱ ደካማ ጎን ቆዳው ሳይሆን ጆሮው ነበር። ችግሩም ከላሜራው በፊት የነበረ ነው። ኮንቮዮቹ በሬዲዮና በሞባይል የሚቀሰቀሱ ፈንጂዎችን ለማፈን የሚያሠሩት ማፈኛ ጠላትን ከወዳጅ አይለይም። ፈንጂውን ሲያደነቁር የእኛንም ሮቦት ያደነቁረዋል። ማፈኛውን አጥፉ ብትል ወታደሮቹን ማጋለጥ ነው። ሮቦቱን ብትተው ሰው በእግሩ ይሄዳል። መፍትሔው በመጋዘናችን አቧራ የሚጠጣው የፋይበር ጥቅልል ነበር፤ ሮቦቱ ፀጉር የመሰለ የመስታወት ክር ከኋላው እየዘረጋ ይሄዳል፣ ትእዛዙ በክሩ ውስጥ ያልፋል፣ ማንም አያፍነውም።

ሳጅኑ የላይኛውን ላሜራ ለማውረድ ተስማማ። የፊተኛውን ግን እምቢ አለ፤ ባትሪዎቹን ይጠብቃል ብሎ። ጥቅልሉን ስገጥም ከኋላዬ ቆሞ የጀርመኖችን ጎልያድ ታሪክ ያወራልኝ ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ፣ ጀርመኖች 60 ኪሎና ከዚያም በላይ ፈንጂ የተሸከመች፣ ከጉልበት ብዙም የማትበልጥ ባለ ሰንሰለት መኪና ሠርተው ጎልያድ ብለዋት ነበር፤ ከ7 ሺህ በላይ ተመርታለች። የምትታዘዘው ከኋላዋ በሚዘረጋ ሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ዋርሶ ላይ የተነሡት ፖላንዶች ብረቷን አልታገሉም፤ ሾልከው ሽቦዋን ይቆርጡ ነበር።

«ያ መዳብ ነው፣ ይህ መስታወት ነው» አልኩት። ይህ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

ሁለት ሳምንት ያህል ክሩ በሚያኮራ ሁኔታ ሠራ። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ትእዛዙ ያልዘገየ። ከሌሎች ካምፖች ሳይቀር ይጠይቁን ጀመር፤ እኔም የአገጣጠም መመሪያ ጻፍኩ፣ አራት ገጽ ከነሥዕሉ። እንዴት እንደሚጠቀለል፣ በምን እንደሚጸዳ፣ ስንት ሜትር እንደሚዘልቅ ሁሉ አለበት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ፈንጂ አምካኞቹ ሮቦቱን መንገድ ዳር ወዳለ የቆሻሻ ክምር ላኩት። የሚነዳው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ፊቱ ላይ ብጉር ያልጠፋለት ልጅ። ሮቦቱ ደረሰ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ሽቦውን አየ። አቅጣጫ ለማስተካከል ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። የራሱን ክር ረገጠና ሰንሰለቱ ውስጥ አስገብቶ በጠሰው። ወደ ሬዲዮ ለመመለስ ቢሞክሩ ማፈኛው ሥራ ላይ ነው። ሮቦቱ እጁን እንደዘረጋ ፈንጂው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

የቡድኑ መሪ ልብሱን ለበሰ። የፈንጂ ልብስ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የባግዳድ የሐምሌ ፀሐይ ደግሞ ያለ ልብስም ይገድላል። ያ ሁሉ ንጣፍ፣ ያ ሁሉ አንገትጌ፣ ያ ወፍራም የፊት መስታወት አለ፤ ጓንት ግን የለውም። ሽቦ የሚነካው በጣቱ ስለሆነ እጁ ባዶውን ነው የሚሄደው። ይህን ለዓመታት አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ነው። ሰውየው ሄደ፣ ሥራውን ሠራ፣ በሰላም ተመለሰ። ላቡ ከጫማው ይንጠባጠብ ነበር ብለውናል።

ሮቦቱ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ደረሰ። የፊተኛው ላሜራ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አለ። ቆሞ በቀረበት ጊዜ አንዱ ከሩቅ ተኩሶበታል። ባትሪዎቹ ደህና ናቸው። ሳጅኑ ስርጉዱን በጣቱ ዳሰሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢናገር ኖሮ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፦ ከቅርብ ቢሆን ኖሮ ይበሳው ነበር፤ ደግሞ ተኳሹ ያገኘው ቆሞ ስለቀረ ነው። ሁለተኛውን ነጥብ ግን ጮክ ብሎ መናገር እንደማይጠቅመኝ ወዲያው ታየኝ።

ከዓመታት በኋላ ሩሲያዎች ኡራን-9 የሚባለውን ባለ መድፍ፣ አሥር ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ለበስ ሮቦት ሶሪያ ወስደው በሬዲዮው ምክንያት ከአሽከርካሪው ጥቂት መቶ ሜትር መራቅ እንዳቃተው ሳነብ፣ ትዝ ያለኝ ያ የእንጨት ደረጃችን ነው። ለሳጅኑ ልልክለት ፈልጌ ነበር። አሁን ደግሞ ዩክሬን ውስጥ ድሮኖች ማፈኛን ለማምለጥ የመስታወት ክር እየጎተቱ ይበራሉ፤ ሜዳው ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ሲያበራ በፎቶ አይቻለሁ። ይህንንስ አልልክለትም።

ያን ቀን የብልሽት ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለው። «የአሽከርካሪ ስህተት፤ ኬብሉ ላይ ወደ ኋላ ነድቷል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ሳጅኑ አነበበና «መመሪያህ ላይ ወደ ኋላ መንዳት ክልክል ነው የሚለው በስንተኛው ገጽ ነው?» አለኝ። በየትኛውም ገጽ አልነበረም። ቅጹን መልሶ ሰጠኝ፤ ቀይር አላለኝም፤ እኔም አልቀየርኩትም።

ማታ ልጁ ሮቦቱን ለመጠየቅ መጣ፤ በሽተኛ እንደሚጠየቅ፣ ለሁላችንም ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዞ። ቅጹ ላይ የአሽከርካሪ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ብዕሩን ሰጠሁት። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ፈረመ።

«ክርህን ስለበጠስኩብህ ይቅርታ» አለኝ።

«ምንም አይደለም» አልኩት።