ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያ ሥራ ስትይዙ ከደመወዙ ሌላ ምን ይታያል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሁንስ ምን ይሁን?» በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የቀረው ተማሪ ሐዋሳ ውስጥ የሚሰማው ምክር «ፓርክ ግባ» (ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለታቸው ነው) ወይም «ባጃጅ ያዝ» ነው። ሁለቱም ሥራ ናቸው። ምክሩ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ዋናው ጥያቄ ሥራው በሁለት ዓመት ውስጥ የት ያደርሳል፣ ሲለቁስ በእጅ ላይ ምን ሙያና ምን ወረቀት ይቀራል የሚለው ነው። ባጃጅ በየማታው ብር ያስይዛል፤ ሦስት ዓመት ቢነዳም ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጻፍለትም።

በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት የአልባሳት ነው። አዲስ ገቢ ክር በመቁረጥና በማጣጠፍ በረዳትነት ይጀምራል፤ አለዚያም ጥቂት ሳምንት ሰልጥኖ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ከማሽኑ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ጥራት ተቆጣጣሪነት ወይም ወደ መስመር ኃላፊነት ይወስዳል። ወደዚያ የሚያሻግረው ዋናው ነገር የማሽን ዓይነት ነው። ባለ አንድ መርፌ ማሽን ብቻ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ኦቨርሎክና ፍላትሎክ የሚባሉትን የስፌት ማሽኖች የጨመረ ግን የቀረ ሠራተኛ ቦታ ሁሉ ስለሚሞላ ኃላፊው በቶሎ ያውቀዋል። በምሳ ሰዓት ሌላ ማሽን መለማመድ ይቻል እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ብዙ ልጆች የሚማረሩበትን የቀን ኮታ ስሌቱን የሚያስረዳቸው ሰው እምብዛም ነው። ለእያንዳንዱ ስፌት የተመደበ ደቂቃ አለ። አንድ ኪስ ለመስፋት 0.8 ደቂቃ ከተመደበ፣ በ8 ሰዓት ማለትም በ480 ደቂቃ 600 ኪስ ይጠበቃል ማለት ነው። 390 የሰፋ ሰው 65 በመቶ ሠራ ተብሎ ይመዘገባል። ጀማሪ ቁጥሩ ሲያንስበት ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል፤ ስፌቱ ይጣመማል፣ ተመላሽ ይበዛል፣ ቁጥሩም ይብሱን ይወርዳል። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው መርፌው ሲሄድ ሳይሆን ቁራጩን አንስቶ፣ አስተካክሎ መርፌ ሥር እስኪያስገቡ ባለው ነው። ስለዚህ የሚለመደው ቁራጭ የሚቀመጥበት ጎን፣ ወንበር የሚቀረብበት ልክና ክር የሚቆረጥበት ቅደም ተከተል ነው። ከፊት ያለው ሠራተኛ ሥራ ስላዘገየ የባከነ ጊዜ ካለም ለመስመር ኃላፊው አስታውቁ፤ ዝም ካላችሁ የእናንተ ድክመት ሆኖ ይቆጠራል።

ፓርክ ማለት ስፌት ብቻ መሆኑ የተለመደ አስተሳሰብ ነው፤ እኔ ግን ኤሌክትሪክ ወይም መካኒክስ የተማረ ልጅ ስፌት መስመር ላይ ሲሰለፍ ሳይ ይቆጨኛል። የስፌት ማሽን ጠጋኝ፣ የቦይለር (የእንፋሎት ማመንጫ) ኦፕሬተር፣ የጄኔሬተርና የኮምፕረሰር ባለሙያ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን የሚባሉ ሥራዎች አሉ። ብዛታቸው ትንሽ ነው፤ የሚወዳደርባቸውም ሰው እንዲሁ። ደግሞም ፋብሪካው ቢዘጋ ሙያው አብሮ አይዘጋም። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል) ስትታገድ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የሚሰፉ መስመሮች ሲናጉ፣ ቦይለር የሚያውቅ ሰው ግን ሆቴልም ቢራ ፋብሪካም ሥራ ነበረው።

ደመወዝን በተመለከተ «ስንት ነው?» ከማለት «መነሻው ስንት ነው? አበሉስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሳይቀሩ ሥራ ላይ ለመገኘት የሚሰጠው ጉርሻ አንድ ቀን ሲቀሩ ሊጠፋ ይችላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው በመነሻው ላይ ነው። ለሒሳብ እንዲመች መነሻው 3,120 ብር ነው እንበል። በወር 208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ብር ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 22.50 ብር ማለት ነው። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከመነሻው ላይ 7 በመቶ ጡረታ፣ 218.40 ብር፣ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው 1,120 ብር በ15 በመቶ 168 ብር ይሆናል። እጅ የሚገባው 2,733.60 ብር ነው። አሁን የቤት ኪራይ ድርሻችሁን ቀንሱበት። ይህ ሒሳብ ቤት ተቀምጦ ካልተሠራ ልጁ በሁለተኛው ወር ጥሎ ይሄዳል።

ጥሎ መሄዱ ራሱ ዋጋ አለው። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሳያስታውቅ የጠፋ ሰው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ የልምድ ደብዳቤ ፍለጋም ሲመለስ ፊት ይነሳዋል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥር ደብዳቤ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ቤት አስቀምጡ።

የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምዘናው ኮሌጅ ለገባ ብቻ የሚሰጥ ይመስላል፤ ጋራዥ ውስጥ ወይም ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቶ የተማረም በሚችለው ደረጃ መመዘን ይችላል። በተግባር ፈተናው ላይ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚባሉት ሥራውን የማይችሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የደኅንነት ልብስ ሳይለብስ የጀመረ፣ መሣሪያውን ሳይፈትሽ ኃይል የለቀቀ፣ ጨርሶ ቦታውን ያላጸዳ ሁሉ በዚያው ይጣላል፤ መዛኙ የሚያየው አሠራሩንም ነውና።

ከፓርኩ ውጪ ቡና አለ። ሲዳማ ተቀምጦ ቡናን እንደ ጭነትና ለቀማ ብቻ ማየት አሳዛኝ ነው። በናሙና ላቦራቶሪ ረዳትነት የገባ ልጅ እርጥበት ይለካል (ከ10 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት)፣ ጉድለት ያለውን ፍሬ ይለቅማል፣ ናሙና ይቆላል፣ ለቅምሻም በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ወደ ቀማሽነት የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ሲጋራና ቅመም የበዛበት ምግብም መተው ሊጠይቅ ይችላል። የለቀማው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነውና ማመልከቻ በመስከረም ይገባል፤ በታኅሣሥ የመጣ ሰው የሚያገኘው ሸክም ነው። አቮካዶ ዘይት በሚጨመቅበት ይርጋለምም የላቦራቶሪና የማሽን ሰው ይፈለጋል።

ሆቴል የሚገባበት በር ደግሞ በዓል ነው። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ሐይቅ ዳሩ ሲሞላ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል። ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አመልክቱ፤ የአገልግሎት ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈልም ጠይቁ።

ማስታወቂያ ሲነበብ ሦስት ሐረጎች ላይ ቁሙ። «0 ዓመት» ካለ ተመራቂው ይግባ ማለት ነው። «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ካለ ገንዘብ ወይም ንብረት የምትይዙበት ቦታ ነውና ተያዥ የሚሆናችሁን ዘመድ ከቃለ መጠይቁ በፊት አናግሩ። «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ካለ ደግሞ ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ደመወዙንና ግብር መቆረጡን፣ የወጪ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም መያዝ አለበት። «በታማኝነት አገልግሏል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለዚህ አይበቃም። ሥራ አስገኛለሁ ብሎ ከፈላጊው ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ካጋጠማችሁ ደግሞ እለፉት፤ ሕጉ የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅድም።

የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ (ምዝገባው ነፃ ነው)፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ ላይ መመዝገብ ቀድመው የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ስም ነው። በትምህርት ማስረጃው ላይ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ዓይነት፣ በፋይዳው ላይ ሌላ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም ከተለወጠ፣ ችግሩ የሚታወቀው ከተቀጠሩ በኋላ ፋይል ሲከፈት ነው። ሁሉንም ወረቀት ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት ማስተካከል ጀምሩ፤ ማመልከቻ የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ ለጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ነው።