የቴሌቪዥኑ ፍጥነት የሚለካው ከቴሌቪዥኑ ላይ ነው

ማታ ማታ የሳሎናችን ቴሌቪዥን ያስቸግር ነበር። ዩቲዩብ ከፍተን ነገሩ ሞቅ ሲል ምስሉ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያቺ ክብ ምልክት መሃል ላይ መሽከርከር ትጀምራለች። ቀን ቀን ደህና ነው፤ የሚብሰው ሁሉም ከየሥራው ገብቶ ቤቱ ሲሞላ ነው። የባለቤቴ ወንድም መፍትሔው አንድ ነው አለ፦ የኢንተርኔት ፓኬጁን ማሳደግ። የያዝነው ባለ 10 ሜጋ ነው። እኔ ግን በየወሩ ተጨማሪ ብር ከማውጣታችን በፊት፣ አሁን የምንከፍልበት 10 ሜጋ እውነት ቴሌቪዥኑ ጋ እየደረሰ ነው ወይ የሚለውን ማየት ፈለግኩ። እንዴት እንዳየሁት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ይህ ችግር የብዙ ሰው ቤት ችግር ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ፋይበሩ በበሩ በኩል ይገባል፣ ራውተሩም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነው። ቴሌቪዥናችን ስማርት አይደለም፤ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የምናየው እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ባመጣችልን ፋየር ስቲክ ነው። ከጀርባ ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካል፣ በዋይፋይ ይሠራል።

ወደ መለካቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላንሳ፤ ቁጥሮቹ ያለ እሱ ያምታታሉ። ፓኬጅ ላይ "ሜጋ" የሚባለው ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ባለ 10 ሜጋ መስመር ፋይል ሲያወርድ ቢበዛ 1.25 ነው የሚያሳየው። ይህን አይተው "ተበላን" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልተበሉም፣ ልኩ ነው።

ምን ያህል ያስፈልጋል ለሚለው ደግሞ ኔትፍሊክስ ለ720 ጥራት 3 ሜጋ፣ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለፎርኬ (4K) ጥራት 15 ሜጋ ይላል። ዩቲዩብ ለ1080 እንዲሁ 5፣ ለፎርኬ ግን 20 ነው የሚለው። ስለዚህ 10 ሜጋ አንድ ቴሌቪዥን በ1080 ጥራት ያለ ችግር ማሳየት አለበት፤ ተርፎም ለስልኮች ይሆናል። ፎርኬን በ10 ሜጋ መጠበቅ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ስልኬን ይዤ ራውተሩ አጠገብ ቆምኩ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለጊዜው ዋይፋዩን እንዲያጠፋ ለመንኳቸው፣ ስልኬ ላይ የነበረውን ቪፒኤንም አጠፋሁ። ብሮውዘር ላይ ፋስት ዶት ኮም ከፈትኩ። ይህ ኔትፍሊክስ በ2016 ያወጣው መለኪያ ነው፤ ምንም ሳትጫኑ ራሱ መለካት ይጀምራል፣ የሚለካውም ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ነው። ስፒድቴስት የሚባለው የኡክላ አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው የሚመርጠው። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ቢያሳዩ አትደንግጡ፤ የሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። እኔ ሁለቱንም ሞከርኩ። ሁለቱም 9 ከምናምን አሉ። ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ የከፈልንበት ቤታችን ድረስ ገብቷል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ስልኩ ላይ ለክቶ "ኢንተርኔቱ ደህና ነው" ይላል፤ ችግሩ ከዩቲዩብ ወይም ከቴሌቪዥኑ ነው ብሎ ይደመድማል። ስልኩ ግን ያለው ራውተሩ አጠገብ ነው፣ ፊልሙ የሚታየው ደግሞ ሌላ ክፍል ግድግዳ ላይ ካለው ዕቃ ነው። መለካት ያለበት ያ ዕቃ ነው።

ፋየር ስቲክ ላይ የራሱ መለኪያ አለ፣ ግን ቦታው በቀላሉ አይገኝም። ሴቲንግስ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ኔትወርክ። የተያያዛችሁበት ዋይፋይ ስም ላይ ሆናችሁ ሪሞቱ ላይ የማጫወቻና የማቆሚያ ቁልፉን ትጫናላችሁ። የኔትወርኩን ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ ይመጣል፤ የፍጥነት መለኪያውም እዚያው ነው። ሮኩ የሚባለው ተመሳሳይ ዕቃ ያላችሁ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ ቼክ ኮኔክሽን የሚለውን ብትጫኑ የሲግናሉን ጥንካሬም ፍጥነቱንም ይነግራችኋል። አንድሮይድ ቲቪ ላይ ደግሞ አናሊቲ የሚባል አፕ መጫን ይቻላል፤ ፋየር ስቲክ ላይም ይሠራል። ምንም መጫን የማይፈልግ ሰው ፋየር ስቲክ ላይ ሲልክ በሚባለው ብሮውዘር ፋስት ዶት ኮምን መክፈት ይችላል።

የእኛ ስቲክ ላይ የወጣው 2 ሜጋ አካባቢ ነበር። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

10 ሜጋ ቤታችን ገብቶ ቴሌቪዥኑ ጋ የደረሰው ሁለቱ ነው ማለት ነው። የቀረው ከኮሪደሩ እስከ ሳሎኑ ባለው መንገድ ላይ ቀርቷል። ፓኬጁን እጥፍ ብናደርገው ኖሮ ራውተሩ ጋ 20 ይደርስ ነበር፣ ስቲኩ ግን ያው ሁለቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ወንድም ስልኬንና ቴሌቪዥኑን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት፣ ክርክሩም በዚያው አለቀ።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ትንሽ አራቅኩና ጀርባውን በስልክ መብራት አየሁ። ስቲኩ በቴሌቪዥኑ ጀርባና በብሎኬቱ ግድግዳ መሃል ተጣብቋል። ከጎኑ የዲሽ ሪሲቨሩ ኬብል ተጠምጥሟል። ስቲኩን ስነካው ይፋጃል ማለት ይቻላል። ኃይል የሚያገኘውም ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ነው፤ የራሱ አዳፕተር የአሜሪካ ሶኬት ስለሆነና መቀየሪያ ስላልተገኘ ሲገጠም እንደዚያ ተደርጎ ነበር። ስልኬን እዚያው ጀርባው ላይ አስገብቼ ስለካ ፍጥነቱ ከፊት ለፊት ከለካሁት በግማሽ ያህል ወረደ። የቴሌቪዥኑ አካልና ግድግዳው ሲግናሉን ምን ያህል እንደሚያፍኑት በዓይኔ አየሁ።

ስቲኩ ሲሸጥ አብራ የምትመጣ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ አለች። የእኛ ካርቶኑ ውስጥ ከነፕላስቲኳ ነበረች። ብዙ ሰው ትርፍ ነገር ትመስለዋለች፣ ግን ሥራ አላት፦ ስቲኩን ከወደቡ ታርቀዋለች፣ አየርም ሲግናልም ታስገኝለታለች። እሷን ሰክቼ ስቲኩ በቴሌቪዥኑ ጎን ወጣ እንዲል አደረግኩ። ኃይሉንም በመቀየሪያ ከራሱ አዳፕተር ሰጠሁት። ስለካው ከ4 በለጠ። ምንም ብር ሳይወጣ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ መቀየሪያውን ካልቆጠርን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከባንዱ፣ ማለትም ዋይፋዩ ከሚሄድበት ሞገድ ነው። ራውተራችን እንደ አብዛኛው የአሁን ራውተር ሁለት ባንድ አለው፣ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል። ችግሩ ጠባብ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አናሊቲ ላይ በዙሪያችን ያሉትን ዋይፋዮች ዝርዝር ከፈትኩት። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከማዶ ብሎክ ሳይቀር ተደርድሯል፤ ሁሉም እነዚያው ቻናሎች ላይ ተጨናንቋል። ማታ ሁሉም ቤት ገብቶ ሲከፍት ቪዲዮ የሚቆመው አንዱ በዚህ ነው። ማይክሮዌቭም የሚሠራው እዚያው 2.4 አካባቢ ስለሆነ እራት ሲሞቅ ይጨመርበታል።

5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፣ የጎረቤትም ግርግር ያነሰበታል፤ ግድግዳ ግን ይፈራል። እኛ ቤት ኮሪደሩና ሳሎኑ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ስለሆነ ይበቃል ብዬ ገመትኩ። ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ገባሁ፤ አድራሻውም የይለፍ ቃሉም ከራውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የሁለቱ ባንዶች ስም አንድ ዓይነት ስለነበር ስቲኩ የቱን እንደያዘ አይታወቅም ነበር። ለ5ቱ የተለየ ስም ሰጠሁት፣ ስቲኩንም በእሱ አገናኘሁት። መለኪያው 9 ከምናምን አለ። ራውተሩ ሥር ቆሜ ያገኘሁት ቁጥር ማለት ነው።

የመኝታ ቤቱን ታብሌት ግን 2.4 ላይ ተውኩት። እዚያ መሃል ላይ ሁለት ግድግዳ አለ፤ 5ቱ ይደርሳል ግን ይቆራረጣል። ስለዚህ "5 ጊጋ ይሻላል" የሚባለውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ በየክፍሉ እየዞራችሁ ለኩ።

ከዚህ በኋላ ቀን ላይ ያለ እንከን ይሠራ ጀመር። ማታ ግን አልፎ አልፎ ይንገጫገጭ ነበር፣ ስለዚህ ችግሩ በሚመጣበት ሰዓት ለካሁት። ይህን አደራ እላለሁ፦ የምሽት ችግር በጠዋት ልኬት አይታይም። ፋስት ዶት ኮም ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ስትጫኑ ከቤት ወደ ኢንተርኔት የመጫኛ (አፕሎድ) ፍጥነቱና የምላሽ ጊዜው ይወጣል፤ የምላሽ ጊዜው ሁለት ነው፣ መስመሩ ሥራ ሲፈታና ሥራ ሲበዛበት። የእኛ ሁለተኛው በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። ምክንያቱ ስልኮቹ ነበሩ። ቤተሰቡ ማታ ገብቶ ዋይፋይ ሲይዝ ስልኮቹ የዕለቱን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶስ መጫን ይጀምራሉ። ወደ ላይ የሚሄደው መንገድ ሲሞላ ወደ ታች የሚመጣውም ይጎተታል፤ ቴሌቪዥኑ ለሚቀጥለው የቪዲዮ ክፍል ጥያቄውን የሚልከው በዚያው መንገድ ነውና። በየስልኩ ላይ የራስ ሰር መጫኛውን አጥፍተን ጠዋት ጠዋት በእጅ እንዲሠራ አደረግን። እናቴ ፎቶዎቿ የሚጠፉ መስሏት ነበር፤ "አይጠፉም እማዬ፣ ነገ ጠዋት እጭንልሻለሁ" አልኳት። ጠዋት ጠዋት አሁን የእኔ ሥራ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ችግሩ በራሱ በቪዲዮው ላይ እንዳለ ለማየት ደግሞ ጥሩ መሣሪያ አለ። ቪዲዮው እየሄደ የማስተካከያዋን ምልክት ከፍታችሁ ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ስታበሩ ጥግ ላይ ጥቁር ሳጥን ይመጣል። እዚያ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ እዩ። አንዱ የግንኙነት ፍጥነቱ ነው፣ በኪሎቢት ስለሆነ ለ1000 አካፍሉት። ሌላው ባፈር ሄልዝ ይባላል፤ ወደፊት ስንት ሰከንድ ቪዲዮ ተጠራቅሞ እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። ያ ቁጥር እየቀነሰ ወደ ዜሮ ከሄደ ክቧ ልትመጣ ነው። ከፍ ብሎ ተቀምጦ ምስሉ ከቆመ ግን ኢንተርኔቱን ተዉት፤ ዕቃው ራሱ ሞቆ ወይም ደክሞት ነው። ኔትፍሊክስ አፕ ውስጥም በእርዳታው ክፍል ኔትወርክ መፈተሻ አለ።

ይህን ሁሉ ስሠራ ያየች ከታች ቤት ያለች ጎረቤታችን የእናቷን ቴሌቪዥን እንድመለከትላት ጠየቀችኝ። ስቲኩን፣ ባንዱን፣ ማራዘሚያውን ከመንካቴ በፊት ራውተሩ ሥር ለካሁ። የሚከፍሉበት ሩብ እንኳን አልሞላም። ላፕቶፕ በኬብል ቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። "እናቴ፣ ይሄ ከቤትዎ አይደለም፣ ከመስመሩ ነው" አልኳቸው። በኬብል የተለካውን ውጤት ከነሰዓቱ ፎቶ አንስቼ ሰጠኋት፤ ደውላ ስታመለክት ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው ከሚለው ምክር አልፈው ባለሙያ ላኩላት። የተበላሸው ውጭ ያለው ማገናኛ ነበር።

የእህቴ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አሜሪካ ባለ 500 ሜጋ አላት፣ ቴሌቪዥኗን በኬብል አገናኝታ ስትለካ 90 ምናምን ብቻ አገኘችና ደወለችልኝ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ያለው የኬብል ወደብ ከ100 ሜጋ በላይ አያሳልፍም። ለፎርኬ 20 ስለሚበቃ ምንም አይጎድልባትም።

በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ሲለካ ይጠንቀቅ። በ10 ሜጋ ፍጥነት 10 ሰከንድ መለካት 12 ሜጋባይት ተኩል ይበላል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚበላውም ይጨምራል። አስር ጊዜ ደጋግማችሁ ብትለኩ ጥቅሉ ላይ ይታያል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የእኛ ስቲክ አንዳንዴ ተመልሶ ድሮ የሚያውቀውን 2.4 ይይዝ ነበር፣ ምክንያቱም 2.4 ቀድሞ ስለሚነሳ ነው መሰለኝ። ኔትወርክ ውስጥ ገብቼ በ2.4ቱ ስም ላይ ሆኜ ሦስት መስመር ያለባትን ቁልፍ ተጫንኩና እንዲረሳው አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲመጣ 5ቱ እስኪነሳ ትንሽ ይጠብቃል እንጂ ሌላ አይይዝም።